«በአያቶቻችን ዘመን አልነበረም» ይላል አጎቴ፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ «እታለም፣ ሰላም ነሽ? ያደግሁት ደሴ ነው፤ አሁን ኮምቦልቻ እሠራለሁ። 24 ዓመቴ ነው። ሴት ነኝ፤ የምወደውም ሴት ነው። ይህን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አያውቅም። አጎቴ ቴሌቪዥን ባየ ቁጥር ‹ይሄ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ መዋደድ ፈረንጅ ያመጣብን ጉድ ነው፣ በአያቶቻችን ዘመን አልነበረም› ይላል። እውነት ነው? እኔ እኮ ፈረንጅ አግኝቼ አላውቅም። አያቴ ደግሞ ባሏ ከሞተ በኋላ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር እስክትሞት አብረው ኖሩ። የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነበር። እነሱስ ምን ነበሩ?»

መልስ፦

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የደሴ ልጅ ነኝ። ታሪክ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። የማጠናው የነገሥታቱን ጦርነት አይደለም፤ የተራውን ሰው ኑሮ ነው። ማን ማንን አገባ፣ ማን ከማን ጋር ኖረ፣ ሕጉ ምን አለ፣ ሰዉስ ምን አደረገ። ስለዚህ የጠየቅሽኝ በሙያዬ ነው።

«ፈረንጅ አግኝቼ አላውቅም» ያልሽው ልቤን ነካው። አንቺ ያደግሽው ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ልብሽ ያዘነበለው ማንም ሳያስተምርሽ ነው። ለአጎትሽ ክርክር ከዚህ የበለጠ መልስ የለም። ግን ታሪኩንም ልንገርሽ፤ ማወቅ ይገባሻል።

አጎትሽ ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠቅልሎታል። ነገሩን እና ስሙን። ስሙ በከፊል ከውጭ የመጣ ነው፤ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። ነገሩን ግን ማንም አላመጣውም።

ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ግእዝ ነው። ግብር ማለት ሥራ፣ ድርጊት ነው። ሰዶም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 የጠፋችው ከተማ ናት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ስለ ሉጥ ሕዝቦች ያወራሉ፤ ሉጥ ማለት ሎጥ ነው፤ ድርጊቱንም ከዚያው ስም በወጣው በዐረብኛው ቃል «ልዋጥ» ይሉታል። በሁለቱም በኩል ቃሉ የቆየ ነው። ሳተላይት ዲሽ ደሴ ሳይገባ፣ ቴሌቪዥን ሳይፈጠር የነበረ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ብዙ ሰው አያነበውም። ትንቢተ ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትን፣ ጥጋብን፣ ሥራ መፍታትን፣ የድሃውንና የችግረኛውን እጅ አለመያዝን ይጠራል። ለነቢዩ መጀመሪያ የታየው ይህ ነው።

ቃሉን ደግመሽ እይው። «ግብር» ይላል። የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ስለሚያፈቅር ሰው አይደለም። አንድ ሰው አንድ ነገር አደረገ ይላል እንጂ አንዲት ሴት እንዲህ ሆና ተፈጠረች አይልም። ይህን ያዢልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌሎች ቃሎችም አሉን። ሆጤ ሜዳ ላይ ከወንዶች ጋር ኳስ የምታባርር ልጅ «ወንዳወንድ» ትባላለች። ድምፁ የሚለሰልስ፣ ሲሄድ የሚቀልል ልጅ «ሴታሴት» ይባላል። «ወንዳገረድ» እና «ፍናፍንት» ደግሞ አካሉ ከሁለቱም ፆታ ምልክት ይዞ ለተወለደ ነው። አያቶቻችን እነዚህን ቃሎች ያወጡት ያዩትን ሰው ለመጥራት ነው። ዐይናቸው ያያል፤ አፋቸውም ይሰይማል። ግን እነዚህም ቃሎች ስለ አካልና ስለ ሁኔታ ናቸው። ወንዳወንድ የተባለችው ልጅ ባል አግብታ ስድስት ትወልዳለች። ቀሚሷን አስተካክላ የምትሄደው ጸጥተኛዋ ልጅ ደግሞ እንዳንቺ ሴት ልትወድ ትችላለች። ቃሉ ልብን አይነካም። በአማርኛ ላንቺ ሁኔታ የተዘጋጀ፣ ስድብ ያልሆነ የቆየ ቃል የለም። ቃል ስላልነበረ ግን ሰው አልነበረም ማለት አይደለም።

«ይሁን፣ ቃሉ ከመጽሐፍ ጋር የመጣ ነው፤ በኛ ዘንድ ስለመኖሩ ምን ማስረጃ አለ?» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣና ዳር እንሂድ።

ወለተ ጴጥሮስ የተባለችው ቅድስት እ.ኤ.አ. ከ1592 እስከ 1642 የኖረች ናት። አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሲሆኑ እምነቴን አልለቅም ብላ ባሏን ጥላ የወጣች፣ ገዳማዊ ማኅበር የመሠረተች ኃይለኛ ሴት ናት። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1672 ጻፈው። በገድሉ ውስጥ ቅድስቲቱ ወጣት መነኮሳይያት እርስ በርስ በፍትወት ሲጠጋጉ አይታ በጣም እንዳዘነች የሚያወሳ ክፍል አለ። ነገሩ የቀረበው እንደ ኃጢአት ነው፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ግን አስቢው። የካቶሊኮቹ የኢየሱሳውያን ሚሲዮን ከአገር ተባሮ ካለቀ በኋላ፣ በግእዝ፣ አበሻ መነኩሴ፣ ስለ አበሻ ሴቶች የጻፈው ነው። ከፈረንጅ መጣ ብሎ አላመካኘም። የሚያወግዘው ነገር በደጁ እንዳለ ያውቅ ነበር።

በዚያው ገድል እኅተ ክርስቶስ የምትባል መነኩሲት አለች። ገድሉ እንደሚለው ሁለቱ ሴቶች ገና ከሩቅ ሲተያዩ ፍቅር በሁለቱም ልብ ገባ። ከዚያ በኋላ ሞት እስኪለያቸው የሕይወት ጓደኛሞች ሆኑ። አሜሪካዊቷ ምሁር ዌንዲ ቤልቸር ከማይክል ክላይነር ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ገድሉን በእንግሊዝኛ ስታሳትም፣ ይህን ፍቅርና የመነኮሳይያቱን ክፍል ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር የሚመሰክር አድርጋ አነበበችው። የኛ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ተቆጡ። ይህ መንፈሳዊ ፍቅር ነው፣ ትርጉሙም ስህተት ነው አሉ። ክርክሩ ከባድ ነበር።

የኔ አስተያየት ይኸው። ቅድስቲቱን በዛሬ ስም መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። መንኩሳለች፣ በንጽሕና ለመኖር ተስላለች፤ ቃልኪዳኗን ማክበር አለብን። ነገር ግን በሁለት ሴቶች መካከል ያለው ጥልቅ ፍቅር በገድሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ፣ ተቀድሶ፣ ሲነበብ ኖሯል። ያንን ፍቅር አሳንሶ ማንበብም ገድሉን መበደል ነው።

ከደጋው ወጣ ስንል ደግሞ ሌላ መልክ አለ። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም በደቡብ የማሌን ሕዝብ ሲያጠና «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። ወንድ ሆነው የተወለዱ፣ የሴት ልብስ የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ በባህላዊው ንጉሥ ቤት ቦታ የነበራቸው ናቸው። ይህም ካንቺ ሁኔታ ጋር አንድ አይደለም። ግን «አገራችን ከጥንት አንድ ዓይነት መልክ ብቻ ነበራት» የሚለው ወሬ እንደማይሠራ ያሳያል።

አሁን ወደ ስሙ። ይሄኛው በእውነት የፈረንጅ ነው። አወላለዱ ግን አጎትሽ እንደሚያስበው አይደለም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 1867 ሙኒክ ከተማ ውስጥ ካርል ሃይንሪሽ ኡልሪክስ የሚባል የሕግ ሰው በጀርመን የሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶችን የሚቀጣው ሕግ ይሻር አለ። ጮኹበት፤ ንግግሩን አላስጨረሱትም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ካርል ማሪያ ከርትቤኒ የተባለ ደራሲ የፕሩሲያን ሕግ በሚቃወም ጽሑፉ ላይ «ሆሞሴክሹዋል» (የራሱን ፆታ የሚወድ) የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመ። አየሽው? ቃሉ የተወለደው ከክስ ነው። ሕጉ «ይህን ያደረገ» ብሎ ሲያሳድድ፣ የሚሳደዱት ደግሞ «እኛ እንዲህ ያለን ሰዎች ነን» ብለው መለሱ። ድርጊት የነበረው ሰው ሆነ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሚሼል ፉኮ እ.ኤ.አ. በ1976 ያነሳው ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው። ጆን ቦስዌል የተባለው የታሪክ ምሁር በበኩሉ፣ ስም ባይኖራቸውም ራሳቸውን የሚያውቁ ሰዎች ከጥንት ነበሩ ይላል። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ስሙ ወጣት ነው፤ ልቡ ሽማግሌ ነው።

ይህን ሐሳብ የወሎ ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። ከደሴ ብዙም የማይርቀውን ቦሩ ሜዳን ታውቂዋለሽ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። ከዚያ ወዲያ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ተባለ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ሆኑ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት ናቸው። ሼህ ጦልሃን የመሰሉት አሻፈረን ብለው አመፁ። ብዙው ሕዝብ ግን ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። በቀን ማዕተብ፣ በሌሊት ሶላት። ቀድሞ አንድ ቤት ውስጥ ብዙም ሳይጠያየቅ የኖረው ሰው «አንተ ማን ነህ?» ተብሎ ሲገደድ ነው ማንነቱን ጨብጦ የያዘው። ያ ሰው በሌሊት ሲሰግድ አስመሳይ አልነበረም። ሐሰተኛ እንዲሆን ያስገደደው ቀኑ ነው። አንቺም ቀን ቀን የምትደብቂውን ስታስቢ እነዚያን ቅድመ አያቶችሽን አስቢያቸው።

የጀርመኑ ነገር መጨረሻው ከፋ። አንቀጽ 175 የተባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1871 ወጣ። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪም ሕጉን ለማሻር በ1897 ማኅበር አቋቋመ፤ በ1919 በርሊን ላይ የምርምር ተቋም ከፈተ። በግንቦት 1933 ናዚዎች ተቋሙን ዘረፉ፤ መጻሕፍቱን አደባባይ ላይ አቃጠሉ። ከ5 ሺህ እስከ 15 ሺህ የሚገመቱ ወንዶች ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ፤ ልብሳቸው ላይ ሮዝ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ተሰፋ። ሕጉ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1994 ነው። ፈረንጅ ይህን ነገር የወደደና ያሳደገ ለሚመስለው አጎትሽ መልሱ ይህ ነው። ፈረንጅ ሲያስርና ሲገድል ነው የኖረው።

ሴት ለምትወድ ሴት የወጣው «ሌዝቢያን» የሚለው ቃል ደግሞ ሌስቦስ ከምትባል የግሪክ ደሴት የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት 600 ዓመት ገደማ በፊት ሳፎ የምትባል ሴት እዚያ ኖራለች። ስለ ሴቶች የገጠመችው ግጥም አብዛኛው ጠፍቷል፤ የተረፈው ስብርባሪ ነው።

እኛ አገር አንዳንዶች ለራሳቸው ያወጡትን ስም ሳልነግርሽ አላልፍም። አዲስ አበባ ውስጥ ወንድ የሚወዱ ወንዶችና ሴት የሚወዱ ሴቶች እርስ በርስ «ዜጋ» ይባባላሉ። ዜጋ! ከስድቡ ሁሉ ሸሽተው ያገኙት ቃል ይህ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ በነዚህ ወንዶች ሕይወት ላይ አጥንተው ጽፈዋል፤ ስለዚህ በአገራችን ምሁርም ያልተነካ ጉዳይ አይደለም። ቃሉን ስሰማ ሁልጊዜ ውስጤ ይላወሳል። እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ምን ማለት ነው?

ወደ ሕጉ። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ናይጄሪያ የሚገኙ ተከራካሪዎች «ከውጭ የመጣው እኛ ሳንሆን ሕጉ ነው» ይላሉ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1860 ለሕንድ ያወጡትን አንቀጽ 377 በቅኝ ግዛቶቻቸው ስላዳረሱት ልክ ናቸው። እኛ ግን በቅኝ አልተገዛንም። የኛ ሕግ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ነው። ያወጁት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ረቂቁን የጻፉት ግን ዣን ግራቨን የተባሉ የስዊዘርላንድ ሰው ናቸው። አገራቸው ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ አዋቂዎችን በዚህ ጉዳይ መቅጣት ትታ ነበር። ይህን ስል ጥፋቱን ሁሉ በአርቃቂው ላይ መጫኔ አይደለም፤ የአገሩ ሃይማኖትም ልማድም ከቅጣቱ ጋር ነበር። ዛሬ የሚሠራው በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው ነው፤ አንቀጽ 629። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ነገሩን የሚያከብዱ ሁኔታዎች ሲኖሩ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። የእንግሊዙም የጀርመኑም ሕግ ሴቶችን አይነካም ነበር። የኛው ወንድ ሴት አይልም። ይህን በደንብ እወቂው።

አጋጣሚው ይገርማል። 1949 የኛ ሕግ የወጣበት ዓመት በፈረንጆች 1957 ነው። በዚያው ዓመት ኢቭሊን ሁከር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥናቷን አሳተመች። 30 ወንድ የሚወዱ ወንዶችና 30 ሴት የሚወዱ ወንዶች የሥነ ልቦና ፈተና ወሰዱ። ውጤቱን ስማቸውን ሳትገልጽ ለታወቁ ባለሙያዎች ሰጠች። ባለሙያዎቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታቸው። በሽታ የሚባለው ነገር መታየት ነበረበት፤ አልታየም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ከበሽታ ዝርዝር አወጣው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ግንቦት 17 ቀን 1990። ስለዚህ «እናሳክማት» የሚል ዘመድ ቢመጣ የሚታከም በሽታ እንደሌለሽ እወቂ። ጸሎትሽንም ዱዓሽንም ማንም አይከለክልሽም፤ ግን በሽተኛ ነኝ ብለሽ አይሁን።

አንድ ነገር ላይ ግን መቆጣት አለብኝ። አገራችን ውስጥ ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ሕፃን መድፈር አብሮ ይነሳል። ወንድ ልጆች ተደፍረው ያውቃሉ፤ ሴት ልጆችም በየቀኑ ይደፈራሉ። ይህ ወንጀል ነው፤ የማልታገሰው ወንጀል። ግን ሴት ልጅ የሚደፍረውን አውሬ ስናይ «ሴት መውደድ ክፉ ነው» አንልም። እዚህ ጋ ሲሆን ብቻ ለምን እናደባልቃለን? ሁለት አዋቂ ሰዎች በፈቃዳቸው መዋደዳቸው ሌላ ነው፤ ልጅን መጉዳት ሌላ ነው። ድብልቁ የሚጎዳው ንጹሑን ብቻ አይደለም። የተደፈረው ልጅ «ምን ይሉኛል» ብሎ አፉን እንዲዘጋም ያደርጋል።

አጎትሽ ብቻውን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጠይቅ ከመቶ 97 ኢትዮጵያዊ ኅብረተሰቡ ሊቀበለው አይገባም ብሏል። ስለዚህ በክርክር አትረቺውም። የሰጠሁሽን ታሪክ ለራስሽ ያዢው። ሥራሽን፣ ደመወዝሽን፣ የምታድሪበትን ቤት አስቀድሚ። ስልክሽን ቆልፊ፤ ፎቶና መልእክት አታጠራቅሚ። «ልንገራቸው ወይ» ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ብትጠይቂኝ ግን እንደ ታላቅ እህት፣ በራስሽ እግር ሳትቆሚ አይሆንም እልሽ ነበር።

አያትሽ ቀሩ። ልቤን የያዘው ይሄኛው ነው።

አንድ አልጋ ላይ መተኛታቸው ብቻውን ምንም አያስረዳም። በኛ አገር ሴቶች አብረው ይተኛሉ፤ እኔም ከአክስቴ ጋር ተኝቼ ነው ያደግሁት። ሁለት ባል የሞተባቸው ሴቶች የቤት ኪራይ፣ ከሰልና ቡና ተካፍለው መኖራቸውም የተለመደ ነው። «እንዳንቺ ነበሩ» ብዬ ደስ ላሰኝሽ እችል ነበር፤ ግን በሙያዬ አልቀልድም። «በፍጹም አልነበሩም» የሚልም ሰው ከኔ የተሻለ ማስረጃ የለውም። ዳግም እንዲያገቡ ሽማግሌ ተልኮባቸው ይሆን? እምቢ ብለው ይሆን? ያ ከአልጋው የበለጠ ይናገራል።

ስለዚህ እናትሽን ቡና ስታፈሉ ጠይቂያት። የሴት አያትን ኑሮ መጠየቅ ማንንም አያስደነግጥም። ሁለቱ ምን ተባብለው ነበር የሚጠራሩት? አንዷ ስትታመም ማን አስታመመ? አያትሽ ሲሞቱ ማን ነበር ነጠላ አዘቅዝቆ ለቅሶ የተቀመጠው? ቤቱና ዕቃው ለማን ቀረ? ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰፈሩን እድር መዝገብ የሚያሳይሽ ሰው ፈልጊ። የድሮ እድር ጸሐፊዎች ጠንቃቆች ነበሩ። ማን ሲሞት ለማን ድንኳን እንደሚተከል፣ ስንት ብር እንደሚሰጥ ስም በስም ይጽፉ ነበር። በአያትሽ ስም ሥር ያቺ ጓደኛቸው ተመዝግባ ከሆነ፣ ከስሟ አጠገብ ያለውን ቃል ተመልከቺ። «ጎረቤት» ይላል? «እህት» ይላል? ወይስ «ቤተሰብ»? ስም ሳትጠቅሺ ቃሉን ብቻ ጻፊልኝ።